እጀ ቀላሏና ያልፈቱት ሻሽ

ደንበኞቻቸው «እጀ ቀላሏ» የሚሏቸው የፀጉር ሥራ ባለሙያ፣ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሳንባ ምች አርፈዋል።

ከባቡር ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት እጀ ቀላሏ፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በጎረቤት ፀጉር ቤት ፎጣ በማጠብ ሥራ ጀመሩ፤ ኋላም ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክና አንድ ረጅም መስታወት ያለው የራሳቸውን ቤት ከፍተው ሃያ ስድስት ዓመት ሠሩ። ከአናጢው ባለቤታቸው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

በአርባ ዓመታቸው አናታቸውን ያቃጥላቸው ጀመር። የፀጉርን ሥር ወደ ጠባሳ የሚለውጥ ሕመም ነበርና ከግንባራቸው እስከ አናታቸው ተመልጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሻሻቸውን በባለቤታቸው ፊት እንኳ ፈተው አያውቁም። ደንበኛ ስትጠይቃቸው «ያለኝን ሁሉ ለእናንተ አከፋፍዬ ጨረስኩት እኮ!» እያሉ ያስቁ ነበር።

ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በልጃቸው ሠርግ ቀን ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ፎቶ መነሣት። ሕመሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋብ ብሎ ካልቆየ የፀጉር ንቅለ ተከላ እንደማይሠራላቸው ሐኪሙ ስለነገሯቸው፣ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ጠበቁ፤ የዛሬ አምስት ወርም ከማጅራታቸው የተወሰደ ፀጉር ጠባሳው ላይ አንድ በአንድ ተተከለላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሩ ትራስ ላይ ረገፈ። እንደሚረግፍ፣ ሥሩ ግን ቆዳ ውስጥ ቀርቶ ከአራተኛው ወር በኋላ እንደሚበቅል ሐኪሙ አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። ታናሽ እህታቸውም «እትዬ፣ የተባልሽውን ጠብቂ እንጂ» ቢሏቸው፣ የሞተ ፀጉር በጣታቸው መለየት የለመዱት እጀ ቀላሏ የወደቀውን አሸት አድርገው «ይሄ አልቆለታል። ስለ ፀጉር ለእኔ ነው የሚነገረኝ?» አሉ። ወደ ሐኪሙም አልተመለሱም።

ከወር በኋላ፣ ከታሰበው ቀድሞ በተደረገው ሠርግ፣ የሙሽራዋን ፀጉር በእጃቸው ሠርተው፣ ፎቶ ሲነሣ ግን ከካሜራው ጀርባ ቆሙ። ልጃቸው «እማ፣ ነይ እንጂ!» እያለች ብትጠራቸውም አልመጡም። በማግስቱ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ፀጉር ቤታቸውን ዘጉ። ብዙ ሳይቆዩ ከአልጋ ሲውሉ ሻሹን ማንም እንዳይነካባቸው አስጠነቀቁ፤ እርሳቸውም እጃቸውን ወደዚያ አላነሡም። ኋላም ሳል ይዟቸው ሲበረታ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ቢባሉ «ምን ቀረኝ ብዬ?» ነበር መልሳቸው።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ድካማቸውን በዕረፍት ይለውጥላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

የሚከተለው ከዚህ በላይ ያለው ከተጻፈ በኋላ በባለቤታቸው ፈቃድ የተጨመረ ነው። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ሲታጠብ ሻሹን የፈቱት ታናሽ እህታቸው፣ የሟቿን ባለቤት ከደጅ ጠርተው አስገቧቸው። ከግንባራቸው እስከ አናታቸው፣ ጠባሳው ላይ፣ የጥፍር ቁመት ያህል ጥቁር ፀጉር በቅሎ ነበር።