ስለ ኸይረዲን የሚመልሰው ማነው?

እትዬ ሐጂራ ከሸዋ ሮቢት የልጃቸውን መድኃኒት ገዝተው ወደ ጀውሃ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። መኪናው ሰው እስኪሞላ በዚያ የፀሐይ ቃጠሎ መቆሙ አይቀርም። አጠገባቸው የተቀመጠችው የጎረቤታቸው የወርቅነሽ ልጅ መቅደስ ሆና ተገኘች፤ አዲስ አበባ፣ ከቀዶ ሕክምና የተነሱ ሕሙማንን እንቅስቃሴ የምታለማምድ ባለሙያ ናት።

«ኸይረዲን እንዴት ሆነልዎት?» አለች ከሰላምታው በኋላ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ከጭንቅላቱ ዕጢውን አወጡለት። ይኸው ሁለት ወሩ፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ ምላሱም ተያዘ። በግራው እንዳይበላ ነውር ነው፤ አጎርሰዋለሁ። ጠያቂ ሲመጣም እኔው እመልስለታለሁ። ምንም አላጎደልኩበት!»

ምስጋና ጠብቀው ነበር። መቅደስ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይቀየሙኝና እትዬ፣ እንዲህ ከያዙት እጁም ምላሱም እንደዚሁ ሊቀር ይችላል።»

በአገሩ በሽተኛን ማልፋት እንደ ጭካኔ ይቆጠራል፤ ሴትዮዋ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

«ያልተነካ ግልግል ያውቃል አሉ! ሰው ፊት ሲንተባተብ ዝም ብዬ ልየው?»

«እንደነገሩኝ ከሆነ ዕጢው የበቀለው እጅንና ንግግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል አጠገብ ነው። እዚያ ቦታ የተነካ ሰው መጀመሪያ ይደክማል። እብጠቱ ሲወርድ፣ ሲለማመድም ብዙው ይመለስለታል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም። ለመሆኑ ኸይረዲን ሽንኩርቱን ሲያጠጣ ዋናው ቦይ ቢደፈንበት ምን ያደርግ ነበር?»

«በጎን ሌላ ይቀዳል እንጂ!»

«በአዲሱ ቦይ ውሃ ባይለቅበትስ?»

«አረም ይውጠዋላ!»

«አንጎልም እንደዚያው በጎን ሌላ መንገድ ይቀዳል፤ ውሃው ልምምዱ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንጀራውን በቀኙ ይቁረስ፤ ቢያፈሰውም ያፍስሰው። ሐኪሞቹ ያዘዙለትንም ልምምድ አያስተጓጉሉበት። ሰው ሲጠይቀው ደግሞ እስከ ሃያ ቆጥረው ይታገሱት።»

በማግስቱ ጎረቤታቸው ሸሪፍ ሊጠይቅ መጣ።

«ኸይረዲን፣ ማሾህን ሐሙስ በደቦ እንሰብስብልህ ብለናል። ምን ትላለህ?»

እትዬ ሐጂራ «አላህ ይስጥልን» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ሃያ ቆጠሩ። ልጃቸውን ላብ አጠመቀው፤ እሳቸው አርባ ደረሱ።

«ሐሙስ... አይሆንም» አለ ኸይረዲን። «ዘግይቼ... ነው የዘራሁት። አልደረሰም።»

ሸሪፍ አፉን ይዞ ቀረ። እናትየው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የማሾውን ነገር እሳቸው አያውቁም ነበር፤ በዚያ ሁለት ወር በልጃቸው ስም ስንቱን ተሳስተው እንደመለሱ ማን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ብዙ ወጥ ፈስሷል። የኸይረዲን ጣቶች ዛሬም የሸሚዝ ቁልፍ ያስቸግራቸዋል፤ ሲናገርም ቃል ይፈልጋል። ነገር ግን በቀኙ ይበላል፣ ማሳው ላይ ቆሞ ሠራተኛ ያዛል፣ የቤቱን ጉዳይም ራሱ ይወስናል። ሐኪም ዕጢውን ካወጣ በኋላ የቀረው ሥራ የሕመምተኛውና የቤተሰቡ ነው፤ ታግሶ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ሕመምተኛ ብዙ ይጠቀማል።

«ልጅዎ እንዴት ነው?» የሚላቸው ሰው ሲመጣ፣ እትዬ ሐጂራ አሁን በእጃቸው ወደ እሱ ያመለክታሉ።

«እሱን ጠይቁት።»