ተቆርጦ የተቀጠለው ዓሣ

የልጅ ልጄ ፌቨን ስልኳን ደቅና "አባባ፣ ለክፍል ሥራ ቪዲዮ ላቀናብር ነው፤ ባቱ ሐይቅ ላይ ስለያዙት ዓሣ ያውሩልኝ" አለችኝ። እኔ አውራ ከተባልኩ ቀድሞ የሚደክመው የስልኩ ባትሪ ነው። "ጀልባው ትንሽ ነበር" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያማ ዓሣው ጀልባውን ከነእኔ እየጎተተ ሐይቁን እንዳዞረን፣ ጋሪ ላይ ስንጭነውም አልበቃ ብሎ ጭራው አስፋልቱን እየጠረገ ከተማ እንደገባ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ቪዲዮው የሚታይ ዕለት አዳማ ትምህርት ቤቷ ሄጄ ከወላጆች ጋር ፊት፣ ፌቨን አጠገብ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ብቅ አልኩና በገዛ ድምፄ "ዓሣው... ትንሽ ነበር" ብዬ ጭጭ!

"እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ቆርጬ ቀጥዬው ነው፤ ሁሉም የራስዎ ቃል ነው እኮ!"

"ትንሽ ያልኩት ጀልባውን ነው!"

"መምህሩ ውሸት ካለበት ማርክ የለም ብለዋል። አባባዬ፣ በፈጠረዎት ዝም ይበሉልኝ!"

መምህሩ እያጨበጨቡ ተነሡ። "እንዲህ ያለ እውነተኛ አዛውንት ዛሬ የት ይገኛል? አባታችን፣ በእርግጥ ትንሽ ነበር?"

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ፌቨን እጄን ጨምቃ ያዘች። በዚህ በኩል የልጅቷ ማርክ፣ በዚያ በኩል ስንት ዓመት ያሳደግኩት ዓሣዬ!

"አዎን፣ ትንሽ ነበር" አልኩ፣ ሬት እንደዋጠ ሰው። ጭብጨባው ጋብ ሲል ግን አላስቻለኝም።

"ጀልባው ግን ከእሱም ያንስ ነበር።"