የቀኙ ፍሬቻ

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቆቦ ላይ ተኩስ እንደገና መጀመሩ መርሳ ተሰማ። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ በማግስቱ ተሰብስቦ፣ ነገሩ ወደዚህ ከገፋ በእግራቸው መሄድ የማይችሉትን ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና በሽተኞች የምታወጣ አንዲት መኪና ፈለገ። አባዱላ ሚኒባስ ያለው አንድ ሰውዬ ገና ሳይጠየቅ ተነሥቶ "የኔ መኪና የናንተ ናት" አለ። ሰዉ መረቀው። የቅሬው ዳኛ ሼህ ጀብሪልም የአሥራ አራት ሰው ስም በወረቀት አስጽፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወረቀቱን ለሰውዬው ሊሰጡት ያሰቡት መኪናዋ ተፈትሻ ደህና መሆኗን ሲያረጋግጡ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው አስፋልቱ ዳር ወዳለው የአብዱልሐሊም ደጃፍ መጡ። አብዱልሐሊም የመኪና መብራትና ሽቦ ይሠራል። ሰውዬው የፍሬቻዎቹን አሮጌ አምፖሎች አስወጥቶ ኤልኢዲ ካስገባ ወዲህ፣ ፍሬቻው መረጋጋት አልቻለም፤ ይቻኮላል። መድኃኒቱ በየማዕዘኑ አንድ አንድ ሬዚስተር መግጠም ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ወሬ ካለ ደግሞ አይሰለችም።

አብዱልሐሊም ሰውዬውንም መኪናዋንም ያውቃል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር፣ ሕዝቡ ወልድያን ለቆ ሲወጣ፣ ሰውዬው የአብዱልሐሊም እናት የሀስና ጎረቤት ነበር። "ጧት በር ላይ ጠብቂኝ፣ ቀኝ ፍሬቻ አብርቼ እቆምልሻለሁ" ብሏት ነበር። ጉልበቷን የሚያማት ሀስና ጓዟን ጠቅልላ ከፈጅር ሶላት ጀምራ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አባዱላዋ መጣች፤ ቀኝ ፍሬቻዋን አበራች፤ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ከዚያም አለፈች። የጫነችው ፍሪጅና ፍራሽ ነበር። ሀስናን ሌላዋ ጎረቤቷ ውባለም ደግፋ፣ ሲሪንቃ አሳድራ፣ በሁለተኛው ቀን መርሳ ልጇ ዘንድ አደረሰቻት። ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ አልታጠፍ ስላለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰግደው።

ታሪኩን ለአብዱልሐሊም የነገረችው ውባለም ናት። ሀስና ራሷ ግን እስከ ዛሬ "ልጁ አላየኝም፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ነው" ትላለች። ሰውዬው መርሳ መጥቶ መኖር ሲጀምርም ስሙን በክፉ እንዳያነሣው ልጇን አስማለችው። ሰውዬው ይህን ስለሰማ ልቡ አርፏል። አብዱልሐሊም ደግሞ መሐላ አክባሪ ነው። ስም አያነሣም፤ ክፉም አይናገርም።

ሰውዬውን መሪው ላይ አስቀምጦ፣ ለሼህ ጀብሪል በርጩማ አቀረበና ካቻቢቴውን አነሣ።

"ሼህ ጀብሪል፣ ዘንድሮ ዝናቡ መልካም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እዚያ ግራና መንደር በኩል ማሽላው ሰው ይደብቃል አሉኝ። አንቱስ ከወገብ ሕመሙ ተሻለዎት? … እሰይ። ይችን ትርፍ አምፖል ይያዙልኝ እስቲ። አታምርም? ብርሃኗ ከዚህ እስከ ሲሪንቃ ይታያል። ደግሞ ከባትሪው የምትወስደው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አትከብድም፣ ማንንም አትሸከምም … ታበራለች ብቻ። ፍሬቻውን የሚያርገበግበው ፍላሸር ግን የድሮ ነው፣ ሸክም ለምዷል። ሸክሙን ሲያጣው አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለውና ይደነግጣል፣ ይጣደፋል። እኔ እንግዲህ ይችን ሬዚስተር ጎኗ አስራለሁ። የሷ ሥራ ሸክም መሆን ነው፣ ሌላ ጥቅም የላትም። … ለሰውም የሚታሰር ቢኖር ስንት ሰው ይረጋጋ ነበር? ወንድሜ፣ እስቲ ቀኝ አብራልኝ።"

ሰውዬው አበራ። ፍሬቻው ይጣደፋል። አብዱልሐሊም ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኮ ሽቦ መላጥ ጀመረ።

"እኔ ቀኝ ፍሬቻ ባየሁ ቁጥር አንድ ደግ ሰው ትዝ ይለኛል። ስሙን አልነግርዎትም፤ ደግነቱ እንዲወራበት አይወድም። መልካም ሥራውን ይደብቃል። እንዲያውም ከመደበቁ ብዛት … እስካሁን ያየው ሰው የለም። መንገድ ላይም ጨዋ ነው። ስንቱ ሾፌር ፍሬቻ ሳያበራ ይታጠፋል? እሱ እንዲህ አያደርግም። አብርቶ … ሳይቆም ያልፋል። ሕግ ማክበር ማለት ይኸ አይደል?"

ሼህ ጀብሪል አምፖሏን በመዳፋቸው ላይ ገለበጧት። መሪው ላይ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለዕቃ ደግሞ እንዴት ይራራል መሰለዎት። አምና ከወልድያ ስንወጣ … ማለቴ ሰው ሲወጣ፣ ፍሪጁን በሁለት ገመድ ደግፎ፣ እንዳይንገላታ ፍራሽ አንጥፎለት ነው ያወጣው። ፍሪጁን ጉልበቱን ሳያመው አይቀርም። … ለፍሪጅ እንዲህ የሆነ ሰው፣ ለእናት ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ያስቡት እስቲ። ወንድሜ፣ ቀኝ ነው ያልኩህ፣ ግራ አበራህ።"

ሰውዬው የፍሬቻውን ማንሻ ወደ ቀኝ መለሰው። አብዱልሐሊም ሬዚስተሩን አስጠግቶ ብሎኑን አጠበቀ።

"እንዲያው እናት ስል … አንዲት እናት አለች። ዛሬ ወንበር ላይ ነው የምትሰግደው፤ አንቱም ያውቋታል። ያ ደግ ሰው በደጃፏ ሲያልፍ አላየኝም ትላለች፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ። እኔም አምናለሁ፤ የእናት ቃል እንዴት አላምንም? የምትገርመኝ ግን ፀሐይቱ ናት። ከወልድያ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ጧት ፀሐይ የምትወጣው በግራ ነው። እናትየዋ የተቀመጠችው በቀኝ። … የዚያን ዕለት ፀሐይቱም ሸሽታ ነበር ይሆን?"

ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ሰበር አለ። ከመኪናዋ ሥር ስለነበር ፊቱን ማንም አላየውም። ፀሐይቱን ያሰበው ያኔውኑ አልነበረም፤ ዓመት ሙሉ፣ እናቱ ለሶላት ወንበሯን ወደ ቂብላ ስታዞር ባየ ቁጥር ሲያሰላው ከርሟል። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና ወደ ቀልዱ ተመለሰ።

"ይህችን ደግሞ አዩ? ስትሠራ ትግላለች። ፕላስቲክ ላይ ካሰሯት ታቀልጠዋለች፤ ስለዚህ ላሜራ ላይ ነው የማስራት። ላሜራ ሲግል አይሸሽም። … ስለ ሾፌር ግን አይጠይቁኝ፣ እኔ የሽቦ ሰው ነኝ። በወረቀትዎ ላይ አሥራ አራት ሰው አለ ይባላል። ፍሪጅ አልተጻፈም አሉ። ምነው? አሁኑኑ ቢጻፍ ይሻላል፤ በኋላ ቦታ ጠቦ ሰው እንዳይቀያየም።"

አራተኛውን ሬዚስተር አስሮ ሲጨርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ቀኝ አስበራ፣ ግራ አስበራ። ፍሬቻው ቀስ ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ ያበራል ያጠፋል። ሰውዬው ወደ ፊት ብቻ እያየ ነበር።

ሼህ ጀብሪል ከበርጩማው ተነሡ። አምፖሏን በርጩማው ላይ አኖሩና በመስኮቱ በኩል መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰውዬው መዳፉን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን አስቀመጠበት። ሽማግሌው ቁልፉንና የአሥራ አራቱን ሰዎች ወረቀት አብረው ዘይት በነካው የአብዱልሐሊም እጅ ላይ አኖሩ። አብዱልሐሊም መንጃ ፈቃድ እንዳለው ያውቃሉ። ወረቀቱን ገለጥ ሲያደርግ የእናቱ ስም ሦስተኛ ላይ ተጽፏል።

ደስታው እንደጠበቀው አልሆነም። መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ፣ ማምሻውን እናቱ ስትሰማ ምን ትለው ይሆን የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ጥሪው የመጣ ዕለት እሱም ይፈራ እንደሆነ። ቁልፉን ጨበጠው።

ሼህ ጀብሪል በሥራው ፍጻሜ ዱዓ እንዲያደርግ ዓይናቸውን ጣል አደረጉበትና መዳፋቸውን ከፈቱ። ሰውዬውም ወግ ነውና ከመሪው ላይ እጁን አንሥቶ መዳፉን ከፈተ። አብዱልሐሊም ድምፁን አለዘበ።

"ያረቢ፣ ያ ስሙን ያልጠራሁት ደግ ሰው ባለበት ሰላም ይሁን። ዕድሜው ይርዘም፤ ጉልበቱ እስኪዝል፣ መራመድ እስኪያቅተው ድረስ ያኑረው። ያን ጊዜ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ደጃፉ ላይ በተቀመጠ ጧት … ልክ እንደሱ ያለ ጎረቤት አላህ አይንሳው።"