ማሽኑን በቆመበት ስለ መጠየቅ

ረቡዕ ጠዋት ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ይዞን የሚሄደው አውቶቡስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ከተሳፋሪው ግማሹ ተከትሎት ወረደና ይመክረው ጀመር፤ በዚያ ቀን ስለ ሞተር የማያውቅ ሰው አልተሳፈረም ነበር።

እኔም ወረድኩ። በመሥሪያ ቤታችን የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። ትምህርቴ ከዕቃዎቹ ጋር በካርቶን የሚመጡትን መምሪያዎች ማንበብ ነው፤ ከእነሱ የተሻለ ታጋሽ አስተማሪ አላገኘሁም። ዞር ስል የመሥሪያ ቤታችን ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ዳር ቆመው ሲከራከሩ አየሁ። አንደኛው የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዓለምሰገድ ናቸው። በንጉሡ ዘመን የኮምፒዩተር ካርድ በመብሳት ሥራ የጀመሩ፣ የማሽኑን ክፍል ቁልፍ ሚስታቸው እንኳ ነክታው የማታውቅ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ፕሮግራም ጸሐፊዋ አስመረት ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ እኛ ዘንድ ከተመደበች ገና ብዙ አልቆየችም።

ጠቡ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ለቦሌ ቡልቡላ የገበሬ ማኅበር የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ተተክሎ ነበር። ጉድጓዱ ሲጎድል ፓምፑን የሚያቆም ነገር ስላልነበረ ሞተሩ በደረቁ ሲዞር ተቃጠለ። አዲስ ሞተር ሲመጣ፣ ውኃው ሲያንስ ፓምፑን የሚያጠፋ ሳጥን ሠርታችሁ አስረክቡ ተባልን። በሳጥኑ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ቺፕ አለች። አስመረት የጻፈችው ፕሮግራም እዚያች ውስጥ መግባት አለበት። ፕሮግራሙ በቁርጥራጭ ይጻፍና በጋሽ ዓለምሰገድ ክፍል ያለው ትልቁ ኮምፒዩተር ቁርጥራጮቹን ገጣጥሞ ለቺፗ ልክ ያደርጋል። ይህን ሥራ ግንባታ ይሉታል።

ታዲያ በመሥሪያ ቤታችን ልማድ ፕሮግራም ጸሐፊ ማሽኑ ክፍል አይገባም። ፕሮግራሙ የተቀዳበትን ዲስኬት በመስኮት ይሰጣል። ማሽኑ ጋሽ ዓለምሰገድ የጻፉለትን ቋሚ ትእዛዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይፈጽማል። በማግስቱ በዚያው መስኮት ወረቀት ይወጣል። የአስመረት ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ግንባታው አልተሳካም። የሥራ ቦታው ጸድቷል።» የሚገርመው፣ ጠረጴዛዋ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ያው ፕሮግራም ያለ ምንም እንከን ይገነባል።

ሳምንታት ሲያልፉ ሰዉ አሻጥር የሚለውን ቃል በኮሪደሩ ማንሾካሾክ ጀመረ። ዓርብ ግምገማ ተጠርቷል፤ ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ቢተው ናቸው። በዚያ አዳራሽ ስሙ ከአሻጥር ጋር የተነሣ ሰው፣ ኮቱ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲቀር አይተናል። አስመረት ደግሞ የትውልድ ቦታዋን ሲጠይቋት አክሱም ትላለች። በ1980 ዓ.ም. ይህ መልስ ማንንም አይጠቅምም ነበር።

«ጋሽ ዓለምሰገድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያስገቡኝ» ትላለች።

«ልጄ፣ አይሆንም ብያለሁ። እኛ ካርድ በምንበሳበት ጊዜ ሰው ሥራውን ከመስጠቱ በፊት ያስብ ነበር። ከተሳሳትሽ ወረፋሽ እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ፤ ስለዚህ አትሳሳቺም። የእናንተ ትውልድ የሚያስበው በጣቱ ነው። ነካ፣ ነካ፣ ነካ።»

«አስቤ ነው የሰጠሁዎት! የማስበው ነገር እስኪያልቅብኝ አስቤያለሁ። ወረቀትዎ የሚነግረኝ አልተሳካም ብቻ ነው። የት ላይ? በምን ምክንያት? አንድ ቃል የለም።»

«ወረቀቱ የእኔ አይደለም፤ የማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ እንዲናገር የፈቀዱለት ያችኑ ነዋ!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ፊቴን ወደ ሞተሩ መለስኩ፤ ጆሮዬን ግን እዚያው ተውኩት።

«ጠረጴዛሽ ላይ ይሠራል ትያለሽ» አሉ።

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ፕሮግራምሽ ደህና ነው ማለት ነዋ። ምን አስጨነቀሽ?»

«ሕፃን ልጅ እኔ ቤት ሲውል እየተጫወተ ይውላል። እርስዎ ቤት ሲመጣ ያስመልሰዋል። መታየት ያለበት የማን ጓዳ ነው?»

«ጓዳዬን ሰደብሽ?»

«ልየው ነው ያልኩት። ሳላየው ምን ብዬ እሰድበዋለሁ?»

ይሄኔ እጇን ወደ ሾፌሩ ዘረጋች። ሰውየው ክንዱ እስከ ብብቱ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል።

«ያን ሰውዬ ይዩት። ኮፈኑን የከፈተው የት ነው? አውቶቡሱ የቆመበት ቦታ ላይ። እርስዎ ሾፌር ቢሆኑ ኖሮ ይህን አውቶቡስ ወደ ጋራዥ አስጎትተው፣ አሳጥበው፣ የፈሰሰውን ዘይት አስጠርገው፣ ነገ ጠዋት እንደገና ከመገናኛ ያስነሡት ነበር። እዚሁ ሲደርስ ይቆማል። እንደገና ያሳጥቡታል።»

«ንጽሕና ነውር ሆነ?»

«ዱካ ማጥፋት ነው እንጂ ንጽሕናማ ምን ነውር አለው!»

ጋሽ ዓለምሰገድ ዙሪያቸውን አዩ። ዱካ ማጥፋት የሚለው ቃል በመንገድ ላይ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም።

«እሺ፣ ብትገቢ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማሽኑ ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ቦታ አለ፤ ሼል ይሉታል። አንድ ትእዛዝ ይጽፉለታል፣ ይመልሳል፤ መልሱን አይተው ሌላ ይጽፋሉ። እርስዎ ግን ትእዛዙን በሙሉ በጥቅል ሰጥተውት በሩን ዘግተው ይሄዳሉ። እኔ የምለው፣ ግንባታው በወደቀበት ቦታ፣ ምንም ሳይጸዳ፣ ሼሉ ይከፈትና እንጠይቀው ነው። በእኔ ማሽን አይደለም፤ እዚያ አይታመምም። በእርስዎ ማሽን፣ እርስዎ ባሰናዱለት ሁኔታ ውስጥ እንዳለ።»

«አንቺ ገብተሽ በነካሽ ማግስት ቢበላሽስ? ዓርብ ምን እንደሚባል ልንገርሽ? በእጇ ስታበላሽ ተገኘች። ማን አስገባት? ዓለምሰገድ። እኔ የስድስት ልጆች አባት ነኝ።»

«እኔ ደግሞ እናት አለችኝ» አለች አስመረት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አንድ ሥራ ሲበላሽ የት ተበላሸ ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቶ፣ ማን አበላሸ ብሎ የሚጠይቅ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚገኝበት አገር ሆንን! ሰው ይፈለጋል፤ ሰው ሲገኝ ጥፋቱ ይረሳል። ጥፋቱ ግን የትም አይሄድም፤ ካለበት ሆኖ የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል። እኒህ ደግ ሽማግሌ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም በር የዘጉት። በር የዘጋ ሰው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የከፈተ ነው። ይህን ያስተማርናቸው እኛው ነን፤ አሁን ደግሞ ለምን ፈሩ ብለን እንቆጣለን።

«እንግዲያው እኔ እጄን ኪሴ ልክተት» አለች ልጅቱ። «የሚጽፉት እርስዎ ይሁኑ፤ እኔ በአፌ ብቻ። ምስክር ካስፈለገም እኒህ ሰውዬ አሉ። ሞተር የሚያዩ መስለው ከቆምን ጀምሮ ሲሰሙን ነበር።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጋሽ ዓለምሰገድ በዚህ ተስማምተው መንገድ ሲጀምሩ ግን ተከተልኳቸው፤ በእግር መሥሪያ ቤቱ ሩቅ አልነበረም።

የማሽኑ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፤ ጫማ ይወለቃል። አስመረት በካልሲዋ ገብታ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ጋሽ ዓለምሰገድ ነጭ ጋዋናቸውን ቆልፈው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ የማጽዳቱን ትእዛዝ ያውጡልኝ» አለች።

«ቆሻሻ ይቀራል።»

«የመጣሁት ለቆሻሻው ነው።»

እያጉረመረሙ አወጡት። ግንባታው ተጀመረ፤ እንደ ልማዱም ወደቀ። አሁን ግን ማሽኑ ጠራርጎ አልወጣም። በማሽኑ ፊት ባለው መስታወት ላይ አንዲት ምልክት ብልጭ ድርግም እያለች ቆየች።

«ምን ፈልጎ ነው?»

«እስኪጠይቁት እየጠበቀ ነው። የት ነህ ይበሉት።»

ጻፉ። ማሽኑ ያለበትን ቦታ ነገራቸው።

«ምን ምን ይዘሃል ይበሉት።»

ጻፉ። የያዛቸውን ቁርጥራጮች ደረደረላቸው። ሽማግሌው ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። ለሦስተኛው ጥያቄ አስመረት አፏን ስትከፍት፣ ጋሽ ዓለምሰገድ የእያንዳንዱን ቁራጭ መጠን እየጠየቁት ነበር። ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ማየት የምወደው እንዲህ ነው፤ ንግግር ሳያደርግ።

«ቁርጥራጮቹ ሁሉ ደህና ናቸው» አሉ። «የወደቀው ሲገጣጠም ነው። ድምሩ ቺፗ ከምትችለው በለጠ።»

«እኔ ጋ እኮ ገብቶ ይተርፋል።»

«እዚህ አልገባማ! ቆይ… ይህ የመጨረሻው ቁራጭ ምንድን ነው? ምን ጻፍሽበት?»

አስመረት ጎንበስ ብላ አየች። «የእኔ አይደለም። አላውቀውም። ይክፈቱት።»

ከፈቱት። የመሥሪያ ቤታችን ስም በሙሉ በላቲን ፊደል ተጽፎ ተገኘ። በላዩ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ስም፣ በዚያ ላይ በመስከረም የተመሠረተው ሪፐብሊክ ስም ከነማዕረጉ፣ ከግርጌው መፈክሮች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ ቀስ ብለው። «በመስከረሙ ስብሰባ ከኮምፒዩተር ክፍል የሚወጣ ማናቸውም ውጤት ሙሉ አርእስት ይኑረው ተባለ። ለደመወዙም ለንብረቱም በየፊናው ከምጽፍ ብዬ ቋሚው ትእዛዝ ውስጥ አንድ ጊዜ ጨመርኩት። ቺፕም ውጤት መሆኗ ትዝ አላለኝም።»

«ፓምፑ እንዲያነበው ነው?» አለች አስመረት። አልሳቀችም። «ይሄን ሁሉ ጊዜ! የቡልቡላ ሴቶች ከወንዝ እየቀዱ፣ እኔ ስሜ በየኮሪደሩ ሲታኘክ፣ ቺፗ ውስጥ ቦታዬን የያዘው መፈክር ነው! በዚያ ወረቀት ላይ ‹ሞልቷል› የምትል አንዲት ቃል ብትኖር—»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ግድግዳው ስስ ነው።»

«ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል?»

ሽማግሌው ዞረው ጻፉ፤ ያቺን ቁራጭ ለጊዜው ትተው የቀሩትን እንዲገጥም አዘዙት። ገጠመ። ቺፗ ውስጥ ገብቶ ቦታ ተረፈው። ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ ዓለምሰገድ መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና «ስንቱን ወረቀት በዚህ መስኮት ሰጥቼ ይሆን?» አሉ።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ጓድ ቢተው ብዙ ከተናገሩ በኋላ «ለመሆኑ ይህን ሕዝባዊ ሥራ ያደናቀፈው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ዓይን ሁሉ አስመረት ላይ አረፈ። ጋሽ ዓለምሰገድ ተነሡ።

«ማን የሚለውን ከመመለሴ በፊት የት የሚለውን ልመልስ፣ ጓድ ቢተው። ሥራው የቆመው ሲገጣጠም ነው። ያቆመው እኔ ያስገባሁት አርእስት ነው። ልጅቷ አንድም ጥፋት የለባትም፤ እንዲያውም ያገኘችው እሷ ናት።»

ጓድ ቢተው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ስለዚህ የሪፐብሊኩን ስም አወጣችሁት?»

ከኋላዬ የነበረ ሰው መተንፈስ ሲያቆም ሰማሁት።

«የሚገባውን ቦታ ሰጠነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ። «ቺፗ ውስጥ ማንም አያየውም ነበር። አሁን በሳጥኑ ፊት ለፊት በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የማኅበሩ ገበሬ ሁሉ ውኃ ሲቀዳ ያነበዋል።»

ጓድ ቢተው እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሡ። ከዚያም «ትክክለኛ አቋም ነው» አሉ። አጨበጨብን። እኔ በሕይወቴ ከልቤ ያጨበጨብኩት ያን ቀን ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተጠየቅኩም።

ሳጥኑ ቡልቡላ ተተከለ፤ ጉድጓዱ ሲጎድል ፓምፑ ራሱ ይቆማል፣ ሲሞላ ይነሣል። ጋሽ ዓለምሰገድም የማጽዳቱን ትእዛዝ ከቋሚው ሥርዓት አወጡና ከማሽኑ ፊት ሁለተኛ ወንበር አስቀመጡ። ሥራው የወደቀበት ሰው ዛሬ በመስኮት ወረቀት አይጠብቅም፤ ገብቶ ይቀመጥና አብረው በወደቀበት ቦታ ይጠይቁታል። ሳምንት ይፈጅ የነበረው ከምሳ በፊት ያልቃል። ወረቀት ተረፈ፤ ከሁሉ በላይ ሐሜት ጠፋ፣ የተሳሳተውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ሌላውን አያማምና። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቤትህ ይሁን ቢሮህ አንድ ነገር አልሆን ሲልህ ጠራርገህ ከመጀመሪያው አትጀምር። በቆመበት ቁምና ጠይቀው፤ ጥያቄህም አጭር ይሁን፣ መልሱን ሳትሰማ ሌላ አታስከትል።

ሰኞ ጠዋት አስመረት በሰላም ሥራ ገባች። ለእኔ የዚህ ሁሉ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው። ረፋድ ላይ በማሽኑ ክፍል በር ሳልፍ ከጋሽ ዓለምሰገድ ጋር ስለ ሌላ ነገር ይጨቃጨቁ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር።