የጳጉሜ ሒሳብ

ጠጅዬ፣ እንዴት አደርሽ? ባልዲሽን አታንሺው፣ ይሙላልሽ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ቧንቧው ዛሬ አልሰሰተም። ፀሐዩንስ አየሽልኝ? መስከረም እንዲህ ነው፤ ትናንት ጭቃ፣ ዛሬ ልብስ ባንድ ሰዓት ይደርቃል። ለእኔማ ታዞ የመጣ ፀሐይ ነው። ይኼን ሁሉ ጨርቅ ታያለሽ? አሥራ አራት ነው። የአንድ ሰው። ክንዴን የማያህለው የማሙሽ! የቀበሌው ሳሙና ከትናንት ወዲያ አልቆብኝ በእንዶድ ነው የምገፋው።

በራችንን አትይው፤ ያገረበበው ነፋስ ነው። ሰው የለም። ማለቴ… ሰውማ አለ፣ ትልቅ ሰው አለ፣ ግን የጎረቤት ወሬ የሚያዳምጡ ዓይነት አይደሉም።

እኔ የምልሽ… የእኔን ጉድ ሰምተሻል? እንዴት አልሰማሽም! ልደታ ደጅ ጧፍ የምትሸጠዋ እንኳ ሰምታ "እግዜር ይማርሽ" ብላኛለች። እንግዲያው ከራሴ አፍ ስሚው።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ የተማርኩ ሰው ነኝ። አትሳቂ! መሠረተ ትምህርት ገብቼ ሀሌታውን "ሀ" ከሐመሩ "ሐ" የለየሁ ሰው ነኝ እኮ። ከሰዓት ከሰዓት ሁለት ሰዓት ቀበሌ አግዳሚ ላይ እየተቀመጥኩ። ማሙሽ የተወለደ ሰሞን ሲስተር ሳዲያ ጤና ጣቢያ ውስጥ በካርዱ ጀርባ "እስከ አራት ወር ከጡት በቀር ምንም" ብላ ስትጽፍልኝ፣ ያለማንም እርዳታ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ውሃ አይሰጥም፣ ቅቤ አይላስም፣ እያልኩ ሰፈሩን አዳረስኩ። ሴቶች ማኅበር ላይ እጄን አውጥቼ የተናገርኩትስ? ሲጨበጨብልኝ ደግሞ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ፣ ወይኔ! ዶሮ ሲሉ ሰምታ ታነቀች አሉ፤ እኔ አንብቤ ታነቅሁ።

ቤት ውስጥማ "አንብቢልኝ" ያለኝ አልነበረም። የሚያውቅ ሰው ምን ንባብ ያሻዋል? አምስት ልጅ ያሳደገ የአማቴ እጅ እያለ የወረቀት ጀርባ! ዘነበስ ቢሆን፣ ባሌ፣ በዚያው እጅ አይደል ያደገው? ይኸው ያን የሚያህል የጭነት መኪና አሰብ ድረስ ይነዳል። ጨጓራው ብቻ ነው… በየከተማው እያቆመ ሆዱን ይዞ የሚቀመጠው። እሱ ደግሞ የወንበሩ ሙቀት ነው ተብሏል፤ ከአስተዳደጉ ጋር ምን አገናኘው?

እና ይኸውልሽ፣ እንቁጣጣሽ አለፈና ማሙሽ ጡት እምቢ አለኝ። ከትምህርት ስመለስ እሰጠዋለሁ፣ ዞር! በሌላው በኩል እሞክራለሁ፣ ዞር! እንደ ጠገበ ሹም። እኔ ማይሟ ምን አልኩ? ወተቴ ደረቀ። ከዚያማ ያልጠጣሁት የለም። የአብሽ ውሃ፣ ተልባ፣ የጎመን መረቅ… ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግሬ ሄጄ ተሳልኩ። ጡቴ ሊፈነዳ ደርሶ እያለቀስኩ "ደርቄያለሁ" እላለሁ። እንዲህ ያለ ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ? የሚያጽናናኝ ደግ ሰው ግን አላጣሁም። "የዛሬ ልጆች ወተት የላችሁም፣ አይዞሽ፣ አጥሚት ላፍላልሽ" ይሉኛል።

አጥሚት መቼም የአራስ ነው፣ አይደል? እኔም የእኔ መስሎኝ! የገብስ፣ ማር የገባበት፣ ቅቤው ከላይ የሚዋኝ። ድስቱ ሙሉ ይጣዳል፤ ከትምህርት ስገባ በኩባያ አንድ ጉንጭ ትጠብቀኛለች። "ሌላውስ?" ስል "ተነነ" እባላለሁ። አመንኩ! ውሃ ሲፈላ ይተናል ተብዬ ተምሬ የለ? ጉልበት ስሜ አመሰገንኩ እንጂ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ትልቅ ሰው ያፈላው ግን፣ ጠጅዬ፣ ለጨቅላም ይተርፋል።

ማክሰኞ ተቅማጥ ጀመረው። ሐሙስ ጠዋት ታቅፌው ሮጥኩ። ሲስተር ሳዲያ ሚዛን ላይ አስቀመጠችውና ካርዱን አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ እኔን አየችኝ። "ምን አበላሽው?" አትለኝም? እኔን! የተጨበጨበልኝን! ዘልዬ ተነሳሁና "በልደታ ማርያም! ከጡቴ በቀር ጠብታ አልቀመሰም!" አልኩ፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ። ወረፋ የያዘው ሴት በሙሉ እያየኝ። ማሙሽ መሐላዬን እስክጨርስ እንኳ አልታገሰኝም። ትውከቱን ግልብጥ! የሲስተር ነጭ ጋውን ላይ። ጎንበስ ብላ አየችው፣ አሸተተችው። "የገብስ ነው" አለች። "ማርም አለው።"

ምን ልበል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ማንም ሳይልክክብኝ በገዛ እጄ ተቀብዬ አከክሁት። "እኔ ነኝ" አልኩ። የቤት ገመና አደባባይ ይወጣል እንዴ? አንዷ ከወረፋው "ያነበበ ማይም ከማይም ይብሳል" አለች፣ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንቺም ሳቂ፣ ግድ የለም።

ግን ፈራሁ፣ ጠጅዬ። ሲስተር የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። "አንድ ጊዜ ከደገመው መትረፉን እንጃ" ነው ያለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ እየሰጠሁ መለስኩት።

ቤት ስገባ በትሕትና ጠየቅሁ። እኔ እኮ ማወቅ እወዳለሁ። አልተካደም፤ ለምን ይካዳል? ጣት ተዘረጋና ተቆጠረልኝ። "ሰኔ አንድ፣ ሐምሌ ሁለት፣ ነሐሴ ሦስት፣ ጳጉሜ አራት! በእንቁጣጣሽ ሞላው እኮ! ያንቺስ ወረቀት አራት ወር አይደል የሚለው?"

በሰኔ ሚካኤል የተወለደ ልጅ ነው እንግዲህ፣ ሰኔ አሥራ ሁለት። በሒሳብ ከክፍል አንደኛ የወጣሁት እኔ! ጳጉሜ አምስት ቀን ናት ልል ነበር… ቀበሌው እንኳ ለጳጉሜ ብሎ ስኳር አያድልም ልል ነበር… ሬዲዮኑ "የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ" እያለ እኔ ማን ነኝ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእኛ ለዘገምተኞቹ ነው። የእኛ ቤት እንቁላል ሳይፈለፈል ይሮጣል።

"እንዴት አድርጎ ዋጠልዎት?" ብዬ ደግሞ ጠየቅሁ። ጥበቡንም አልሰሰቱብኝም፣ አሳዩኝ። በግራ እጅ አፍንጫውን መያዝ፣ አፉን ሲከፍት በመዳፍ መጋት። መተንፈስ ከፈለገ ይውጣል፤ ሌላ ምን ምርጫ አለው? እንዲህ ያለ ነገር የት ይገኛል! እኔ ሞኟ በማንኪያ፣ በቀስታ፣ ልጁ ሲፈልግ የሚባል ነገር ተምሬ… የከንቱ ከንቱ!

እና ጠጅዬ፣ ላስቸግርሽ ነው። ከነገ ጀምሮ ትምህርት ስሄድ ለሁለት ሰዓቷ ማሙሽን አንቺ ጋ ላስተኛው። እስከ ጥቅምት አሥራ ሁለት ብቻ፤ ያን ቀን አራት ወር ይሞላዋል፣ በሰነፎቹ ሒሳብ ማለቴ ነው። ከዚያ ሲስተር ፋፋ በቀጭኑ አስጀምሪው ብላኛለች። ስሙ ራሱ ደስ ይላል። እስከ አሁን የፋፋሁት እኔ ነኝ፣ በአብሽ፤ ቀሚሴ እንኳ አልዘጋ ብሎኛል።

አይ፣ አንቺን ካላመቸሽ ትምህርቱን እተወዋለሁ። ስሜን መጻፍ ችያለሁ፣ ለፊርማ ይበቃኛል። ልጄን ግን ተኝቶ ጥዬው ወጥቼ ታሞ አላገኘውም፣ አበቃ።

ቅያሜ ይመጣል ብለሽ ነው? ምን አስቀየመ! ደከሙ፣ ይረፉ ነው ያልኩት። አራት ወር ሲሞላው እኮ ቀድሜ የምጠራቸው እሳቸውን ነው። መጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ያያሉ። እጅ መታጠቡ እንኳ የእኔ አይደለም፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ማንበብ ብቻ ነው።

ክፉ እንደማልመኝ ታውቂያለሽ። ጠዋት ማታ ልደታን የምለምናት ለእኚህ ደግ ሰው ነው። ዕድሜ ትስጥልኝ። ጥርሳቸው እስኪያልቅ፣ እጃቸው ማንኪያ ማንሳት እስኪሳነው ድረስ ታቆይልኝ። ከልጆቻቸው ሁሉ መርጣ እኔ እጅ ላይ ትጣልልኝ። ያን ጊዜ አጥሚታቸውን የማፈላው እኔ፣ የማጠጣቸው እኔ፣ ልክ እሳቸው ማሙሽን እንደወደዱት አድርጌ ልውደዳቸው። አሜን በይ እንጂ፣ ጠጅዬ!