ባዶ እግራቸውን አምነው የሰጡት ወይዘሮ አፖሎኒያ ሶራቪያ

በዚህ ብርድ ከላይኛውም ከታችኛውም ሸለቆ ተነሥታችሁ እኅታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፤ አሁን የሚነበብላችሁ ወይዘሮ አፖሎኒያ ሶራቪያ የኖሩት ሕይወት ነው። አንባቢው ታናሽ ወንድማቸው ቪጂሊዮ ሲሆን፣ ከታሪኩ ከፊሉን መላው ቤተሰብ ያውቀዋል፤ ከፊሉን ግን ሟች ራሳቸው በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው «ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገርልኝ» ብለው አዘውታል።

ወይዘሮ አፖሎኒያ ከአባታቸው ከአቶ ሲስቶ ሶራቪያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኖርማ ዴ ላዘር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በዶሎሚቲ ተራሮች ሥር በዚህችው በላሬዜ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከጫካ ግንድ እያወረዱ፣ እናታቸው አይብ እየሠሩ በሚተዳደሩበት ቤት ሲያድጉ፣ ገና በሕፃንነታቸው ግራ እግራቸው ግንድ በተጫነበት ሸርተቴ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። አጥንቱ ሲገጥም ወደ ውጭ ጎብጦ ስለ ቀረ፣ ያ እግር ከዚያ በኋላ ጫማ የማይስማማው እግር ሆነ።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ጀምረው በቤሉኖ ከተማ ቢፈጽሙም፣ ልባቸው የነበረው በረዶው ላይ ነበር። ገና ኮረዳ ሳሉ በሸለቆው ውስጥ በበረዶ ሸርተቴ የሚቀድማቸው ጠፋ። ይሁን እንጂ ዘመኑ የቆዳው የሸርተቴ ጫማ ቀርቶ ጠንካራው የፕላስቲክ ጫማ የገባበት ስለ ነበር፣ ቆዳው እንደ ምንም የቻለውን ያን ጎባጣ አጥንት ፕላስቲኩ አልምርህ አለው። ከየውድድሩ ሲመለሱ ካልሲያቸው ከደም ጋር ተጣብቆ በለብታ ውኃ ነበር የሚላቀቀው። በከተማ ያለው ባለሱቅ ሁለት ቁጥር የሚሰፋ ጫማ ሰጥቶ «ወፍራም ካልሲ ደርቢበት» ብሎ ሸኛቸው፤ ሌላው ጫማውን በእሳት ለጥጦ ሰነጠቀው፤ ሦስተኛው ደግሞ «እግርሽ ነው እንጂ ጫማው ምንም አልሆነም» አላቸው። አባታቸውም ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እግርሽን መልሰን ለፋብሪካው እንላክለታ» ብለው ቤቱን አሳቁት።

በመጨረሻ ከተራራው ማዶ ባለው መንደር አቶ ጋውዴንዚዮ ኮሌሴሊ የሚባሉ ጫማ አስተካካይ መኖራቸውን ሰምተው ሄዱ። አቶ ጋውዴንዚዮ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ጎልማሳ ነበሩ። ጫማ ከመደርደሪያ ከማውረዳቸው በፊት ካልሲ አስወልቀው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ በባዶ እግር አቆሟቸው፤ አስቀመጧቸው፤ ጉልበታቸውን አሳጠፏቸው፤ ያን የጎበጠ አጥንትም እንደ ሰጎን እንቁላል በጥንቃቄ በመዳፋቸው ያዙት። ቀጥለውም ወይዘሮ አፖሎኒያ ከለመዱት ያነሰ ጫማ አመጡ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጠበበችኝ» ቢሏቸው፣

«ዛሬ ያልጠበበችሽ ጫማ ነገ ትሰፋሻለች» አሏቸው። «ቀጥ ስትይ ጣትሽ የጫማውን ጫፍ ይነካል፣ ጉልበትሽን ስታጥፊ ይሸሻል። እንደዚያ ካልሆነ አምጪውና ፊቴ ላይ ወርውሪው።»

ከዚያም አጥንቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከውስጥ ፍቀው፣ በሙቀት ገፍተው፣ «ተንሸራተሽበት ተመለሽ» እያሉ ደጋግመው አስተካከሉት። ወይዘሮ አፖሎኒያም በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሕመም ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። «እግር እንዳለኝ የረሳሁት ያን ጊዜ ነው» ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ሲዘጋጁ፣ በልምምድ ላይ ወድቀው ያው ግራ ቁርጭምጭሚት አበጠ። ለሐኪም አላሳዩትም፤ ለአሰልጣኙም አልተናገሩም። ጫማ ለማስተካከል ሲሄዱ ግን አቶ ጋውዴንዚዮ እግሩን ገና ሲነኩት አወቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ተሰንጥቋል።»

«ምርጫው እስኪያልፍ ነው ጋሼ። ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ሰው ካልሲውን አውልቆ ያሳየኝን አውጥቼ አላውቅም» ብለው፣ በገዛ እናታቸው ስም ማሉላቸው።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት አሰልጣኙ ጠርተው ራጅ አስነሷቸው፤ ስንጥቁ ታየ፤ ስማቸው ተሰረዘ። በቦታቸው የገባችው የአቶ ጋውዴንዚዮ የእኅት ልጅ ማሪሌና ነበረች። አሰልጣኙ ማን እንደ ነገራቸው አልተናገሩም። ወይዘሮ አፖሎኒያ ግን አቶ ጋውዴንዚዮማ ምለዋልና፣ ከእርሳቸው ሌላ ምሥጢሩን ሊያውቅ የሚችለው በልምምድ ሰፈር አብራቸው የምታድረው ጓደኛቸው ዛይራ ብቻ ናት ብለው ቆረጡ። ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ሳህን አብራቸው የበላችውን ዛይራን ዘጓት። በመንገድ ስታገኛቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሐዘናቸውን ይዘው የሚሄዱትም ወደ አቶ ጋውዴንዚዮ ነበር፤ አቶ ጋውዴንዚዮም እግራቸው ሥር ተንበርክከው ጫማቸውን እያበጁ፣ በዛይራ ላይ የሚወርደውን ወቀሳ ሁሉ ጸጥ ብለው ያዳምጡ ነበር።

ይህ በዚህ እንዳለ ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ በአንድ ሠርግ ላይ ፖሌንታ የሚባለው የበቆሎ ገንፎና የአጋዘን ወጥ ተበልቶ፣ ወይኑም ሞቅ ሲያደርግ፣ አሰልጣኙ አጠገባቸው ተቀምጠው እንደ ዋዛ «ጋውዴንዚዮ ባይነግረኝ ኖሮ ዛሬ አንካሳ ነበርሽ፤ ባየሽው ቁጥር አመስግኚው» አሏቸው። ወይዘሮ አፖሎኒያ የያዙትን ብርጭቆ አስቀምጠው፣ ከሠርጉ ወጥተው፣ በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቆሙ። አቶ ጋውዴንዚዮ ሊከፍቱ ሲመጡም አንቱታውን እዚያው ተዉት።

«አንተ ነህ የተናገርከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእግሬ አዝነህ ነው ወይስ ለማሪሌና?»

አቶ ጋውዴንዚዮ የሱቁን ቁልፍ በእጃቸው አገላበጡ። ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። «ለሁለቱም» አሉ።

«ለእግሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ይቅር እልህ ነበር። ዛይራን ስረግም እግሬ ሥር ተንበርክከህ ስትሰማኝ ግን ምን ልበልህ?»

ይህን ብለው ዞረው ሄዱ። በዚያው ቀን ዛይራ ቤት ደርሰው የሆነውን ሁሉ በቁማቸው ነገሯት። ዛይራም «ሰላምታዬን ሳትመልሺ ስታልፊ፣ ምን እንዳደረግሁሽ ሳላውቅ ነው ያለቀስኩት» ካለቻቸው በኋላ በሩን ከፍታ አስገባቻቸው። ዛሬ በፊተኛው መቀመጫ ከቤተሰቡ ጋር የተቀመጡት ወይዘሮ ዛይራ፣ የሟች የበኩር ልጅ ክርስትና እናት ናቸው።

ወይዘሮ አፖሎኒያ ወደ ውድድር አልተመለሱም። የበረዶ ሸርተቴ አስተማሪ ሆነው፣ የዚህን ሸለቆ ልጆች ሁለት ትውልድ አስተማሩ። በ1979 ዓ.ም. ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣው የገመድ መኪና ጠጋኝ የሆኑትን አቶ ኤርሜስ ቲሲን አግብተው ኢልዴንና ታዴዎን ወለዱ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሌላ ጫማ አስተካካይ ሲፈልጉ ኖሩ። ድንበር ተሻግረው ኦስትሪያ ድረስ ሄደዋል፤ ጎበዞችም ገጥመዋቸዋል፤ ያን አጥንት እንደ አቶ ጋውዴንዚዮ ያወቀላቸው ግን አልተገኘም። ጥፍራቸው እየጠቆረ ሲወድቅ ያዩት ባለቤታቸው «ወደ ሰውየው ተመለሽ እንጂ፤ የምትሰጪው እግርሽን ነው፣ ነፍስሽን አይደለም» ሲሏቸው፣ «ካልሲዬን አውልቄ ያሳየሁትን ነው አሳልፎ የሰጠው» ብለው ይመልሱ ነበር።

ሆኖም ፍርድ አላጣመሙም። ተማሪዎቻቸው እግራቸው ቆስሎ እያለቀሱ ሲመጡና ወላጆች «ደኅና ጫማ አስተካካይ የት እናገኛለን?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሁልጊዜ «ጋውዴንዚዮ ጋ ሂዱ፤ ከሱ የሚበልጥ የለም። እግራችሁን አሳዩት፤ ምሥጢራችሁን ግን ከካልሲያችሁ ጋር ይዛችሁ ተመለሱ» ይሉ ነበር። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ይህን ከአፋቸው ሰምታችኋል።

ባለፈው መከር የጉበት ካንሰር እንደ ያዛቸው ታወቀ። ሕክምናው እንዳልረዳቸው ሲያዩ ወደ ቤታቸው መመለስን መረጡ። ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ አቶ ጋውዴንዚዮ ምርኩዛቸውን ይዘው ከደጅ ቆሙ። ኢልዴ ልትመልሳቸው ብትል እናቷ «ይግባ» አሉ።

አቶ ጋውዴንዚዮ አልጋው ግርጌ ቆመው «አፖሎኒያ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ስለየትኛው?»

«ስለ ዝምታዬ።»

ወይዘሮ አፖሎኒያም መለሱ። «እግሬን አትርፈህልኛል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሄጄበታለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዝምታህን ግን ልተውልህ ሞከርኩ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ። ውሸት ይዤ አልሞትም።»

አቶ ጋውዴንዚዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም «ብርድ ልብሱ እግርሽ ላይ ከብዷል» ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከግራ እግራቸው ላይ ቀለል አድርገውላቸው ወጡ። ወይዘሮ አፖሎኒያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። በሕመማቸው ዘመን ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይህም እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ አፖሎኒያ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ሐሙስ ረፋድ ላይ ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ ኤርሜስን፣ ልጆቻቸውን ኢልዴንና ታዴዎን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን ቪጂሊዮንና የልብ ጓደኛቸውን ወይዘሮ ዛይራን ትተዋል። አቶ ጋውዴንዚዮም ከኋላ መቀመጫ አሉ፤ መጥተዋልና ተቆጥረዋል።

እርሳቸው በዚህ ዓለም ሞክረው ያቃታቸውን ይቅርታ እግዚአብሔር በእርሳቸው ፈንታ ይፈጽመው፤ ነፍሳቸውንም ወዳጅ ወዳጁን ከማይከዳበት ሀገር አግብቶ ያሳርፍልን። አሜን።