ጋሼ ፎቶ ያነሱት መጽሐፍ

ጡረተኛው መምህር ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ኮምፒውተራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ሲወርዱ ደረጃው ላይ ተገናኘን።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና?»

«ምን ደህና አለ! የልጅነት ትዝታዬን የጻፍኩበት መጽሐፍ በስልክ እንዲነበብ ሲቀየር ፊደሉ ድራሹ ጠፋ። የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ብቻ! እትዬ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል፤ ‹ሳልሰማው እንዳልሞት› እያለች ትጠብቃለች።»

እትዬ ታላቅ እህታቸው ናቸው። አንጀቴን በሉኝና፣ መጻሕፍት ለስልክ ወደምታዘጋጀው የወንድማቸው ልጅ ቢሮ ተከትያቸው ሄድኩ።

«መላው ተገኝቷል» አሏት ገና ሳይቀመጡ። «ድሮ በወረቀት ያተምኩትን ገጽ ሁሉ ፎቶ አንስቻለሁ። አንድ ላይ ስፊልኝ፤ ፎቶ አይበላሽም!»

«ጋሼ፣ ፎቶ ለሚያይ ሰው ነው። ስልኩ ለእትዬ ምኑን ያንብብላቸው?»

«ታዲያ ፊደሌ ሞቷል እኮ!»

«ኧረ አልሞተም! ድሮ ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የፈረንጅ ፊደል ቁጥር ነው፤ የአማርኛ ልብስ ያለበሰው የድሮው ፎንት፣ ማለትም የፊደሉ መልክ፣ ነበር። ፎንቱ የሌለው ስልክ ላይ ልብሱ ወለቀ። አሁን እያንዳንዱን ምልክት ዩኒኮድ በሚባለው፣ ዓለም በተስማማበት ቁጥር እንተካዋለን።»

«ብታበላሺውስ?»

«ዋናውን አልነካም፤ ቅጂው ላይ ነው የምሠራው። አንድ ምዕራፍ እንሞክር።»

ጋሼ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁ ጀመር። ልጅቷ ምልክቶቹን ተካች፤ የተሳሳቱትን ጥቂት ፊደላት ከወረቀቱ ጋር እያስተያየች አረመች። አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ! እኔ ራሴ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ምዕራፉን ስልክ ላይ ጭነን ሦስታችንም ወደ እትዬ ቤት ሮጥን። ስልኩ ማንበብ ጀመረ፤ እትዬ በደስታ እንባቸውን እየጠረጉ አዳመጡ። ድንገት «ስኳሩን የሰረቀችው እህቴ ስትሆን የተገረፍኩት ግን እኔ ነኝ» አለ ስልኩ።

«ወይ ጉድ! አንተ ውሸታም!» ብለው እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አሁኑኑ አርመው!»

«ልጄ፣ ፎቶው ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ይል ነበር» አሉ ጋሼ በሳቅ እየፈረሱ። «ለመሆኑ ይታረማል?»

«ጽሑፍ ነዋ! ፎቶ ቢሆን ከነውሸቱ ይቀር ነበር» አለች ልጅቷ።

«በቃ፣ ተረታሁ። ለደከመ ዓይን ይነበባል፣ ፊደሉ ይተልቃል፣ የፈለጉት ቃል ይገኛል፣ ስህተቱም ይታረማል። ቀሪውን ምዕራፍ ሁሉ ለውጪልኝ!»

አንባቢ ሆይ፣ በድሮ ፎንት የጻፍከው ካለህ ሳይረፍድ አስለውጥ። ጋሼስ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ «ስኳሩን የሰረቅነው አብረን ነው» ብለው ጻፉ፤ ስልኩም አነበበው።

እትዬ ትንሽ አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሺ፣ ግማሹን እኔ ልሼዋለሁ» አሉ።